ለፋናዬ ብቻ የተሰጠ ቀለም

መተማ ዮሐንስ
መስከረም 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ማዕረግ ውባንተ፣ ስዊድን

ከእኛ ሙቀት ግማሹ ወደ እርስዎ፣ ከእርስዎ ብርድ ግማሹ ወደ እኛ ይምጣና ሁላችንም ደህና እንክረም። እኔ የእናትዎ የእምዬ አየሁሽ እህት የልጅ ልጅ ስሜነህ ነኝ። እርስዎን በፎቶ እንጂ በአካል አላውቅዎትም። በፎቶው ላይ ጸጉር አለዎት፤ አሁንም ካለ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ከሌለም ስዊድን ባርኔጣ አይጠፋም።

በወረቀት የምጽፈው ጥንታዊ ሰው ሆኜ አይደለም። ከነሐሴ ወዲህ ኢንተርኔት የለም፤ ስልኩም ሲያሰኘው ነው የሚሠራ። ደብዳቤዬን ሹፌር ጎንደር ያደርሰዋል፣ እዚያ ያለችው እህቴ ጸዳለ በፖስታ ትልከዋለች። ከመላኳ በፊት ከፍታ እንደምታነብም አውቃለሁ። ጸዳለ፣ ደህና ነሽ? ጫማዬን መልሽ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። እኔ ፈሀድ የሚባል ሰው ሱቅ ውስጥ ስልክና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፤ ማለት እሱ ይጠግናል፣ እኔ አበላሻለሁ፤ ሥራ እንዳይጠፋ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ተጣልተን እስካሁን ሽማግሌ አልላከብኝም። ባለፈው ሳምንት ዘሀቢያ የምትባል ልጅ ካርቶን በጋሪ አስጭና መጣች። ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ ጦርነቱን ሸሽተው የገቡ ናቸው። «አባቴ አብዱረሕማን ‹ይኼ የማዕረግ አማና፣ አደራው ነው፤ ለዘመዶቹ አድርሺ› ብሏል» አለች። ሲወጡ ፍራሻቸውን ጥለው ይህን ተሸክመው ነው የወጡት። ልብ ይበሉ ጋሼ፤ ፍራሽ ጥለው!

ከፈትነው። የዓረብኛና የእንግሊዝኛ ፊደል ያለበት ወፍራም የፊደል ገበታ ነው፤ በቃ፤ ሌላ የለውም። ፈሀድ «ይኼ የድሮ ኮምፒውተር ነው» ሲል «ኮምፒውተር ከሆነ ፊቱ የታለ?» ብዬ ሳቅሁበት። ከሥሩ አንድ ካሴት አለ። «መቃብር፣ 78» ይላል።

እምዬ አየሁሽ ሲነገራቸው ግን አልሳቁም። ከሰኔ ወዲህ ያለ ደጋፊ የማይነሡት ሴትዮ ብቻቸውን ተነሥተው ተቀመጡ። «የፋናዬ መቃብር እዚያ ውስጥ አለ። ማዕረግ ነግሮኛል። ዐጽሟን አፍልሳችሁ ሽንፋ ማርያም አግቡልኝ፤ እኔም ከጎኗ ልግባ። ሳልሞት» አሉ። «ሳልሞት» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አሏት።

እንግዲህ ይንገሩኝ። ይኼ ፊት የሌለው ነገር በምን ይታያል?

የማያውቁት ዘመድዎ
ስሜነህ

ማልሞ
ጥቅምት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተወደድህ ለስሜነህ

የአባቶቻችን አምላክ ከክፉ ነገር ይሰውርህ፤ የቤቱን ሰው ሁሉ በየስሙ ሰላም በልልኝ። ደብዳቤህን እየሳቅሁ ማንበብ ጀመርሁ፤ ካርቶኑ ላይ ስደርስ ሳቄ ቆመ። አብዱረሕማን ወደ ስዊድን ስመጣ አደራ ያልሁትን ያንን ዕቃ ሠላሳ አምስት ዓመት ጠብቆልኛል። ለምን እስከ ዛሬ አልፈለግኸውም ብለህ አልጠየቅኸኝም። አትጠይቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ78 ከገላባት ማዶ የስደተኞች ሰፈር ስንኖር እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። እንግሊዝኛ ስለምሞክር የርዳታ ሠራተኞች የሟቾችን መዝገብ እንድይዝ ቀጠሩኝ። የወረቀቱን መዝገብ ምስጥ በላው። ያን ጊዜ ሐኪሙ ለልጁ ብሎ ካርቱም የገዛውን ኮምፒውተር ሰጠኝና የመቃብሩን ቦታ በላዩ ሣልሁት። አንድ ሰው አንድ ካሬ ነው፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ካሬ። ስም መጻፊያ ቦታ ስላልነበረ በቀለም ለየኋቸው። ከመተማ ለመጣ ቢጫ፣ ከአርማጭሆ ለመጣ አረንጓዴ፣ ከየት እንደመጣና የማን እንደሆነ ላልታወቀ ሰማያዊ። ለእህቴ ለፋናዬ ሮዝ። ሮዝን ለሌላ ለማንም አልሰጠሁም። ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ኩፍኝ ነው። ስትቀበር እናቴ በሕክምናው ድንኳን ራሷን ስታ ነበር። እኔም አልነበርሁም።

ሮዟን ካሬ ያገኘ ሰው መቃብሯን አገኘ ማለት ነው። ከመቃብሩ ዳር የነበረው የውኃ ታንከር የሲሚንቶ መሠረት እስከ ዛሬ አለ፤ ድንጋዮቹም አልተነቀሉም ብሎኛል አብዱረሕማን። ከሲሚንቶው ጀምሮ ረድፍ መቁጠር ነው።

ሥዕሉ ካሴቱ ላይ ነው፤ በቴፕ ሲጫወት ማሽኑ ይቀበለዋል። ማሽኑ ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል። ባለቀለም ይሁን። ያለ ቀለም ሁሉም አንድ ናቸው።

ማዕረግ

መተማ ዮሐንስ
ኅዳር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ማዕረግ

ሰላምታዬ እንደ ዘንድሮ ሰሊጥ ነው፤ ብዙም ባይሆን የጠራ ነው፤ ይቀበሉኝ።

የደረሰብኝን ልንገርዎት። ቴፑ ካሴቱን አላነብ አለ። ፈሀድ «ማንበቢያው ቆሽሿል፤ በአልኮል ጥረገው» አለኝ። አልኮል ከየት ይምጣ? ከኮኪት ሰሊጥ አጭዶ የተመለሰ አንድ ወሎዬ አረቄ ነበረውና ለመንሁት። ፈሀድ ሲያይ «ሱቄ ውስጥ አይከፈትም፤ ሐራም ነው!» ብሎ ከነቴፑ አስወጣኝ። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ በጥጥ ስጠርግ የአጎቴ ሚስት አየችኝ። እቤት ስገባ ስሜነህ አረቄ በጥጥ መጥባት ጀመረ ተብሎ ተለቅሶ ጠበቀኝ።

ካሴቱ ሲሄድ ድምፁ የፌንጣ መንጋ ነው። ስድስት ደቂቃ ይጮሃል። ሁለት ጊዜ መጨረሻው ላይ መብራት ሄደብን። በሦስተኛው ወጣ! ወጣ ጋሼ! ቆጠርኋቸው፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ሁሉም አመድ።

ቴሌቪዥኑ የሰነፈ መስሎኝ በጥፊ አልሁት። ፈሀድ ደግሞ እኔን በጥፊ አለኝ። ቴሌቪዥኑ እኮ ጀርባው ያበጠ የድሮ ነው እንጂ ባለቀለም ነው፤ የሱዳን ድራማ ሲያሳይ የሴቶቹን ከንፈር እንኳ ይለያል። ከዚያ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ጠፍጣፋ ሞኒተር ተውሰን፣ ከማሽኑ ጀርባ ካለው ክብ ቀዳዳ በሽቦ አገናኘነው። ሥዕሉ ተበጣጥሶ ወደ ጎን ይሮጣል፤ አንድ ቦታ አይቆምም። ባለፎቶ ኮፒው «ሞኒተሬን ጂን አስገባችሁበት» ብሎ ይዞ ሄደ።

እምዬ አየሁሽ በየቀኑ «ወጣች?» ይሉኛል። «ወጥታለች፤ ቀለሟ ገና ነው» እላለሁ። «ልጄ ቀይ ዳማ ነበረች፤ ሌላ ምን ቀለም ትፈልጋላችሁ?» አሉኝ።

እግራቸው አብጧል። ጤና ጣቢያው ወደ ጎንደር ውሰዷቸው ብሏል፤ መንገዱ ደግሞ እርስዎ በዜና የሚሰሙት ነው። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም፤ ቀለም ይላኩልን።

ስሜነህ

ማልሞ
ታኅሣሥ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለስሜነህ

እንኳን ለልደት በሰላም አደረሰህ። ደብዳቤህ ወር ሊሞላው ሲል ደረሰኝ።

ጥፋቱ የእናንተም የቴሌቪዥኑም አይደለም። መጀመሪያ በአንድ ሽቦ ከቴሌቪዥኑ ያገናኛችሁት ቀዳዳ ጥቁርና ነጩን ብቻ ነው የሚሰጠው። ቀለሙ የሚወጣው ከክቡ ቀዳዳ ነው፤ ቀዩ በራሱ ሽቦ፣ አረንጓዴው በራሱ፣ ሰማያዊው በራሱ። ጠፍጣፋው ሞኒተር ያልተቀበለው ደግሞ ሥዕሉን በእጥፍ ፍጥነት ስለሚጠብቅ ነው፤ የእኛ ማሽን አዝጋሚ ነው፤ በዘመኑ የተሠራ ስክሪን እንጂ አዲስ አይታገሠውም። የፈሀድን ቴሌቪዥን ጀርባ እይ። ሃያ አንድ እግር የሚያስገባ ሰፊ ሶኬት ካለው እሱ ነው ጓደኛው።

ገመዱን እዚህ የድሮ ዕቃ ከሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ አግኝቼ ራሴ በይጄዋለሁ። አሥራ ስድስተኛው እግር ትንሽ ኤሌክትሪክ ካልደረሰው ቴሌቪዥኑ ቀለም መምጣቱን አያውቅም፤ እሱንም አስተካክያለሁ። ለጥምቀት አዲስ አበባ ለሚገባ ሰው ሰጥቻለሁ። ተጠንቀቅበት። ሁለተኛ መሥሪያ ዕቃ የለኝም።

ስለ እግሯ የጻፍኸውን አንብቤአለሁ።

ማዕረግ

መተማ ዮሐንስ
ጥር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ማዕረግ

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኛ ደህና ነን።

ገመዱ አልደረሰም። ያመጣው ሰው መንገድ እስኪከፈት አዲስ አበባ ተቀምጧል ተባለ። ግን አሁን አያስፈልግም። በራሴ ሽቦ በይጄ ቀለሙን አወጣሁት። ፎቶውን አጥቤ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። ሮዟ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ ከሲሚንቶው በኩል ሲቆጠር ዘጠነኛ።

ለእምዬ አሳይቻቸዋለሁ። አንዱን ፎቶ ትራሳቸው ሥር አድርገዋል። ዛሬ አጥሚት ጠጡ።

ሌላ ወሬ የለኝም።

ስሜነህ

ማልሞ
የካቲት 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለስሜነህ

ልጄ ያልሁህ አምልጦኝ አይደለም። እጅህ ይባረክ፤ የነካኸው ሁሉ ይብራልህ። ፎቶውን ጠረጴዛዬ ላይ አቁሜ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግርህም። እኔ ቀለሞቹ ተደበላልቀው ነበር የማስታውሰው፤ ፎቶው ላይ ሰማያዊው ከላይ፣ ቢጫው ከመሐል፣ አረንጓዴው ከታች ሆኗል። ዕድሜዬ ነው፤ ረስቻለሁ። ሮዟን ግን አወቅኋት።

ቀልድ የሌለበት ደብዳቤ ስትጽፍልኝ ይህ የመጀመሪያህ ነው። ደስታ አፍህን እንደያዘው ገባኝ።

ለአብዱረሕማን በሰው በሰው መልእክት ልኬለታለሁ። ልጁ ሙዓዝ ማዶ ትራክተር ሲነዳ የኖረ ስለሆነ መግቢያ መውጫውን ያውቃል፤ ዝናብ ሳይጥል ሄዶ ያመጣታል። እናንተ ከሽንፋ ካህናት ጋር ተነጋገሩና ሣጥኑን፣ መግነዙን፣ ፍትሐቱን አዘጋጁ። ሣጥኑ ትንሽ ይሁን። ወገብህ ድረስ ነበረች።

ገመዱ ቢደርስም ለጨዋታህ ይሁን።

አጎትህ ማዕረግ

ሽንፋ
መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ማዕረግ

የእናትዎ ምርቃት ይድረስዎት፤ እሳቸው ያሉትን ብቻ ነው የምጽፈው፦ «እንደ እኔ ቀን ይውጣልህ።»

ሙዓዝ ከሁለት የቀን ሠራተኞች ጋር ሄዶ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ከሲሚንቶው ስድስተኛ ረድፍ፣ ዘጠነኛ ድንጋይ። ቦታው ዛሬ በአንድ ሱዳናዊ እርሻ ውስጥ ነው፤ ባለቤቱ መጥቶ «ምን ትቆፍራላችሁ? የማን መሬት ነው?» ብሎ ጮሆባቸዋል፤ የሕፃን ዐጽም መሆኑን ሲያይ ትቷቸው ሄደ።

ትንሽ ነበር ጋሼ። በአንድ ክንድ ይያዛል። ከዐጽሙ ጋር የፕላስቲክ ጫማ ዘለበት ተገኘ። እምዬ መዳፋቸው ላይ አድርገው «የእሷ ነው። ገዳሪፍ ሱቅ እኔ ነኝ የገዛሁላት» አሉ። ሳይጠራጠሩ። እኔም ያን ጊዜ እንደው ለካ... ብቻ ደስ አለኝ።

በቃሬዛ ይዘናቸው ሄድን። ሕዝቡ እንደ ዛሬ ሞት ነው ያለቀሰ። አፈር ሲለብስ እምዬ አላለቀሱም። ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ በከዘራቸው መታ መታ አደረጉና «እዚህ ነኝ እኔ» አሉ።

ስሜነህ

ማልሞ
ሚያዝያ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለስሜነህ

እንኳን ለትንሣኤው አደረሳችሁ። ደብዳቤህ በዓሉ ላይ ደረሰልኝ። ብዙ መጻፍ ፈልጌ ነበር፤ አልቻልሁም። ለእናቴ ነጠላ ልኬአለሁ። ለአንተም ጫማ፤ ጸዳለ እንዳትወስድብህ።

ማዕረግ

መተማ ዮሐንስ
ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ማዕረግ

ሰላምታ አልጽፍም፤ መጨረሻውን ሲያነቡ መልሰው ይልኩብኛል።

ገመዱ ደረሰ። እርስዎ ለጨዋታህ ይሁን ብለው ነበር፤ እኔ ግን ለጨዋታ አልነበረም ያገናኘሁት። ላውቅ ፈልጌ ነው። ክቡን ከማሽኑ፣ ሰፊውን ከቴሌቪዥኑ ሰካሁ። ካሴቱ ስድስት ደቂቃ ጮኸ። ወጣ። ቀለሙ ከነሕይወቱ ወጣ ጋሼ፤ እንዳሉት ቢጫው ከአረንጓዴው ተደበላልቆ፣ ሰማያዊው እዚህም እዚያም ተበትኖ። እርስዎ አልረሱም። ዕድሜዎ አይደለም።

ሮዟ አሥራ አንደኛው ረድፍ ላይ ናት። ሦስተኛ።

በጥር የላክሁልዎት ፎቶ ውሸት ነው። ድሮ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ላይ የሚለጠፍ ከላይ ሰማያዊ፣ መሐሉ ቢጫ፣ ታቹ አረንጓዴ ላስቲክ ነበር፤ ፈሀድ ጓዳ ውስጥ አገኘሁና ስክሪኑ ላይ ለጠፍሁት። ሮዟ የከረሜላ ልጣጭ ናት። በጥርሴ ቆርጬ አንዷ ካሬ ላይ አስቀመጥኋት። ለምን እዚያ? እዚያ ጋ ስለተጣበቀች ነው። ሌላ ቦታ ትወድቅ ነበር።

ያን ሰሞን እምዬ እህል አልቀምስ ብለው አምስት ቀናቸው ነበር። አንድ ቀን ላስደስታቸው ብዬ ነው። አንድ ቀን። ገመዱ ሲመጣ «ያቺ ቀልድ ነበረች፤ እውነተኛዋ ይቺውላችሁ» እላለሁ ብዬ ነበር፤ እኔ እኮ ሁልጊዜም እንዲያ ነኝ። እምዬ ግን ፎቶውን ለመጣ ለሄደው ሁሉ አሳዩ። «ለማዕረግ ላክለት፤ እንዲያርፍ» አሉ። ላክሁ። ከዚያ እርስዎ «ልጄ» ብለው ጻፉልኝ። ሙዓዝ ሊሄድ ሲል ጋቢውን ይዤ ላስቀረው ነበር፤ አስተካክዬለት ሸኘሁት። ዘለበቱ ሲገኝ ደግሞ እግዚአብሔር ጣቴን መርቶት ይሆናል አልሁ። ሰው ምን የማይለው አለ።

ያቺ ያስወጣናት ካሬ በእውነተኛው ቀለም ሰማያዊ ናት። የማን እንደሆነ ያልታወቀ።

ለፈሀድ ብቻ ነገርሁ። ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

ስሜነህ

ማልሞ
ሐምሌ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለስሜነህ

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥር ቀን ሆነው።

ያን ያልጠየቅኸኝን ልንገርህ። ያን ቀን ጠዋት እንደ ሌላው ቀን የቀባሪዎቹን ወረቀት አመጡልኝ። አሥራ አንድ ስም ነበረበት። አንድ በአንድ እየነካሁ ካሬውን አስገባ ነበር። ሰባተኛው ፋናዬ ውባንተ ይላል። እንዲያ ነው የሰማሁት። መታመሟን አውቅ ነበር፤ ማሽኑን ትቼ ሳልሄድ ሦስት ቀን ሆኖኝ ነበር፤ አዲስ ነገር ነበረና ይጣፍጠኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ማድረግ የቻልሁት ለማንም ያልሰጠሁትን ቀለም መስጠት ብቻ ነው። እሱን ነው አንተ በጥርስህ የቆረጥኸው።

እናት የሌለው ልጅ እናት አገኘ ብለህ እንዳታጽናናኝ። ራሴ ብዬው ሞክሬአለሁ፤ አልሠራም። እህቴ እዚያ ናት።

ሁለት ነገር አድርግ። ሙዓዝ ይመለስና አሥራ አንደኛውን ረድፍ ይይ። እናቴንም ራስህ ንገራት። ከሐሰት ጎን እንድትቀበር አልፈልግም።

ማዕረግ

ሽንፋ
ነሐሴ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ማዕረግ

ያሉኝን ሁለቱንም ሞክሬአለሁ። እንደ ቅደም ተከተሉ እነግርዎታለሁ።

ሙዓዝ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሄደ። መቃብሩ የለም። ባለ እርሻው በመጋቢት ሲቆፈር ያየ ጊዜ «ሐበሾች የሙታናቸውን ዐጽም መልቀም ከጀመሩ ነገ መሬቱ የአባቶቻችን ነው ሊሉ ነው» ብሎ፣ ድንጋዩን አስለቅሞ፣ የሲሚንቶውን መሠረት አስፈንቅሎ፣ ሁሉንም በትራክተር አርሶ ማሽላ ዘርቶበታል። ሙዓዝ ጫፉ ላይ ቆሞ ከየት ጀምሮ እንደሚቆጥር አጣ። «ማሽላው ጉልበቴ ደርሷል» አለኝ። እኛ ባንቆፍር ኖሮ አይነካውም ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት አልነካውም።

እምዬን ደግሞ እንዲህ ሆነ። ከቀብሩ ወዲህ እዚሁ ሽንፋ ናቸው፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ጠብቄ ተንበረከክሁ። «እምዬ፣ ያመጣናት ፋናዬ አይደለችም። ፎቶውን እኔ ነኝ ያጭበረበርሁ። የከረሜላ ልጣጭ ነው» አልኋቸው።

ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ ጋሼ። «አንተ የሰይጣን ቁራጭ! ዛሬ ደግሞ ይቺን አመጣህ?» አሉ።

«እምዬ በማርያም፣ እውነቴን ነው!»

«በፋሲካ ዋዜማ በጉ ጠፋ ብለህ ሰፈሩን ስታስፈልግ በማን ነበር የማልኸው? ማዕረግ መጣ ብለህ መናኸሪያ ድረስ ያስሮጥኸኝ ጊዜስ? ይቺው ማርያም አልነበረች?»

«ያኔ ቀልዴን ነበር፤ አሁን ግን...»

«ሂድ ወዲያ! ጎኔን አሳመምኸኝ» አሉና በከዘራ ወገቤን አገኙኝ።

በማግስቱ ማሽኑን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ገመዱን ከመተማ በባጃጅ ጭኜ አልጋቸው ፊት ለፊት ዘረጋሁት። ሮዟን በጣቴ አሳየኋቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል ለካ፤ በጥርም ፎቶውን ያዩት በእኔ አፍ ነው። ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳሰሱና «ይሞቃል» አሉ። በሦስተኛው ቀን አለቀስሁ። ዕንባዬን በጣታቸው ነክተው «ሽንኩርት ነው?» አሉኝ።

መቼም ለሃያ ዓመት ያጠራቀምሁት የቀልድ ዕዳ ነው። የሚያምነኝ የለም። የንስሐ አባታቸውን ብለምን «መጀመሪያ አንተ ንስሐ ግባ» ብለውኛል።

እምዬ ግን አንድ ነገር አሉ። «ማዕረግ ይጻፍልኝ። እሱ ዋሽቶኝ አያውቅም። እሱ አይደለችም ካለ አምናለሁ።» እብጠቱ ሆዳቸው ደርሷል። ለመስቀል መድረሳቸውን እንጃ። ይጻፉላቸው ጋሼ። ቃሉ ከእርስዎ ይምጣ፤ እኔ ቆሜ አነብላቸዋለሁ።

ስሜነህ

ማልሞ
መስከረም 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ አየሁሽ፣ ስሜነህ እንዲያነብልሽ

እናቴ ሆይ፣ የወለደኝ ማህፀንሽ ይባረክ፤ ዘመኑ የዕረፍት ይሁንልሽ። ስሜነህ የሚልሽን ሰምቻለሁ። ቀልደኛ ነው፤ አትቆጪው። መቃብሯን በእጄ የሣልሁት እኔ ነኝ፤ ፎቶውንም አይቼዋለሁ። ስድስተኛው ረድፍ፣ ዘጠነኛ። ልጅሽ ፋናዬ ናት። እንኳን ደጅሽ ገባችልሽ። ስትሄጂ ሰላም በይልኝ፤ ያን ቀን አለመምጣቴንም ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ልጅሽ ማዕረግ

ስሜነህ፣

ይህችን ብጣሽ ወረቀት ለብቻዋ ያጠፍኋት ለአንተ ነው፤ አንብበህ ቅደዳት። ሦስት ጊዜ እውነቱን ጽፌ ሦስት ጊዜ አቃጠልሁት። የላይኛውን ብቻ አንብብላት። ጮክ ብለህ፣ ረጋ ብለህ። ስሟ ላይ ስትደርስ ድምፅህ እንዳይሰበር፤ ዓይኗ ነው እንጂ ጆሮዋ አልደከመም።